ኮምፒውተር ተምሬ ምን አገኛለሁ?

ይህን ጥያቄ በየሳምንቱ እሰማለሁ። በቅርቡ አንድ ልጅ «ቲቸር፣ ሦስት ሰርተፊኬት አለኝ፤ አንዱም ሥራ አላስገኘልኝም» አለኝ። እስቲ አንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፍ ብለው በሁለት ጣቱ ፊደል ሲፈልግ አርባ ደቂቃ ፈጀ። ቀጣሪ የሚያየው እጅን ነው እንጂ ወረቀቱን አይደለም።

ካኩማ ካምፕ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። እዚሁ ተወልደው እዚሁ የወለዱ አሉ። አብዛኞቻችን «ፕሮሰሱ እስኪያልቅ» እያልን ነው የኖርነው፤ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025 የስደተኛ ቅበላዋን ስታቆም ደግሞ የብዙ ሰው ፕሮሰስ ተንጠልጥሎ ቀረ። እኔም ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ላይ አቋርጬ ነው የወጣሁት፤ «ስሄድ እጨርሳለሁ» እያልኩ ስንት ዓመት እንዳለፈ አትጠይቁኝ።

መጀመሪያ በአሥር ጣት መጻፍ ልመዱ። በቀን ግማሽ ሰዓት፣ ቁልፎቹን ሳታዩ። ይሰለቻል፣ አልዋሻችሁም።

ቀጥሎ አማርኛ መጻፍ ነው። ብዙ ወጣት ይህን ይንቃል፤ «አማርኛማ አውቃለሁ» ይላል። እኔንም የጎዳኝ ይሄው ነው። አንድ መሥሪያ ቤት የትርጉም ሥራ ሰጥቶኝ ሌሊቱን በድሮ ፎንት ጽፌ በፍላሽ ወሰድኩ። እዚያ ሲከፈት የእንግሊዝኛ ፊደልና የነጥብ ትርምስ ሆነ፤ ሥራውም ለሌላ ተሰጠ። ምክንያቱን ያወቅሁት በኋላ ነው። የድሮዎቹ ፎንቶች የአማርኛውን ቅርጽ በእንግሊዝኛው ፊደል ቦታ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት፤ ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ታዲያ የሚያሳየው ከሥር ያለውን እንግሊዝኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ ግን እያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር አገኘ። በዩኒኮድ የተጻፈ የትም ቢሄድ፣ ስልክም ላይ ቢሆን፣ ያው አማርኛ ነው። ኪይማን የሚባለው ፕሮግራም በነፃ ይገኛል፤ አንዴ ከተጫነ ኢንተርኔት አይጠይቅም። የአማርኛ ኪቦርዱን መርጣችሁ ኤልን ብቻ ስትነኩ ል ይመጣል፣ ዩን ስትጨምሩ ሉ ይሆናል። ማመልከቻ መጻፍ የሚፈልግ እናትና አባት በየብሎኩ ስላለ ይህ ብቻውን ገበያ አለው።

ሦስተኛው ኤክሴል ነው። አንዷ ተማሪዬ የአንድ ባለሱቅ የዱቤ ደብተር ወስዳ ስም፣ ቀን፣ የተወሰደ፣ የተከፈለ ብላ በአራት ዓምድ አስገባችው። መደመሩን ለኮምፒውተሩ ትታ የእያንዳንዱን ሰው ቀሪ ዕዳ ስታወጣ ሰውዬው ዓይኑን ማመን አቃተው፤ በደብተሩ ሁለት ጊዜ የተመዘገበ ሰው ሁሉ ተገኘ። አሁን በየወሩ መጨረሻ ይጠራታል፣ ይከፍላታልም። ይህች ልጅ እኮ ክፍሉን ጥላ ሄዳ ነበር! ሰነፍ ሆና መስሎኝ ተቀይሜአት ነበር። ለካስ የትምህርቱ ሰዓትና የውሃ ወረፋው ገጥመውባት ነው። ለሴቶች ሰዓቱን ስንቀይር እሷም ሌሎች አራትም ተመለሱ። ወላጆች፣ እባካችሁ ወንድ ልጅም ጀሪካን መሸከም ይችላል።

ስለ ወረቀት ደግሞ ትንሽ ልበል። የኬንያ የስደተኞች ሕግ እ.ኤ.አ. በ2021 ጸድቆ በ2022 ሥራ ላይ ውሏል፤ ስደተኛ ሠርቶ እንዲያድር መብት ይሰጣል። ክላስ ኤም የሚባለው የሥራ ፈቃድም ለስደተኞች የሚሰጥ ነው። ማግኘቱ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ግን የስደተኛ መታወቂያችሁ ጊዜው እንዳያልፍ ከአሁኑ ተከታተሉ። ሥራው ተገኝቶ መታወቂያ የጎደለበት ሰው አይቻለሁና። በኢንተርኔት ሥራ እንሰጣችኋለን ብሎ አስቀድሞ የመመዝገቢያ ገንዘብ የሚጠይቅ ካለ ሌባ ነው፣ እለፉት።

አዲሱ ምዝገባ ተጀምሯል። የሴቶች ክፍል ጠዋት፣ የወንዶች ከሰዓት በኋላ ነው። ኮምፒውተሮቹ ጥቂት ስለሆኑ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ትቀመጣላችሁ፤ አቧራው እንዳይገባባቸው በሩን ዝጉ። ፍላሽ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፤ ከመሰካታችሁ በፊት ግን ለእኔ አሳዩኝ፣ ባለፈው የገባው ቫይረስ ሁለት ሳምንት አሥርቶናል።