ከጣርማ በር እስከ ሸዋ ሮቢት፦ የሯጭ ሳንባና የሯጭ ጭን

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄድ መንገደኛ የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ ወደ ደብረ ሲና ሲወርድ ዓይኑን የሚስበው ጉሙና ገደሉ ነው። የሩጫ አሰልጣኝ ግን ከፍታውን ልብ ቢል ይበጀዋል። በሩ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ ደብረ ሲና 2,600 ገደማ ናት፤ ሸዋ ሮቢት ሲደረስ 1,300 ገደማ ይሆናል።

ደጋ ላይ በአየር ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ አይቀንስም፤ እንደ ቆላው 21 በመቶ ነው። የሚቀንሰው የአየሩ ግፊት ነው፤ በዚህም ኦክስጅን ከሳንባ ወደ ደም የሚያልፍበት ጉልበት ይደክማል። ከቆላ በመጣ ሰው ላይ ኩላሊት እጥረቱን ሲያውቅ ኤሪትሮፖይቲን የተባለ ሆርሞን ይለቃል፤ መቅኒም ቀይ የደም ሕዋስ ያበዛል። ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ በ2002 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ግን በሰሜን ተራሮች፣ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ የአምባራስ ሰዎች ሄሞግሎቢናቸው ከባሕር ዳርቻ ሰው አይለይም ነበር። ስለዚህ «ደገኛ የሚሮጠው ደሙ ስለበዛ ነው» የሚለው ወሬ አያስኬድም።

ደጋ ፍጥነትን ይነጥቃል። አበበ ቢቂላ በ1964 እ.ኤ.አ. ቶኪዮ ላይ ማራቶኑን በ2:12:11 ጨረሰ፤ ማሞ ወልዴ ከአራት ዓመት በኋላ 2,240 ሜትር ከፍታ ባላት ሜክሲኮ ሲቲ ያሸነፈው በ2:20:26 ነው። በ1997 እ.ኤ.አ. የወጣ የአሜሪካ ጥናት 2,500 ሜትር ላይ እየኖሩ 1,250 ሜትር ላይ የተለማመዱ ሯጮች በ5,000 ሜትር በአማካይ 13 ሰከንድ እንዳሻሻሉ አሳይቷል። የደብረ ሲናና የሸዋ ሮቢት ከፍታ ከዚህ ብዙ አይርቅም! ሸዋ ሮቢት ወርዶ ለሚለማመድ የደብረ ሲና ልጅ ትርፉ፣ በእኔ እምነት፣ ደም መጨመሩ ሳይሆን እግሩ ፍጥነት መልመዱ ነው። ቆላው ሳይሞቅ ማለዳ መሮጥ ግን ግድ ነው።

መንገዱን በእግር የሚወርድ ደግሞ ሌላ ነገር ያገኘዋል። ዳገት ሲወጣ የጭን ጡንቻ እያጠረ ይሠራል። ቁልቁለት ላይ ግን፣ ጭነት የያዘ መኪና በከባድ ማርሽ ተይዞ እንደሚወርደው፣ ጡንቻው እየተሳበ ሰውነትን ያቆማል። በዚህ ጊዜ ትንፋሽ ብዙም አይቆረጥም፤ የጡንቻው ጭረቶች ግን በጥቃቅኑ ይጎዳሉ። ሕመሙ በማግስቱ ወይም በሦስተኛው ቀን ይብሳል፤ ደረጃ መውረድ ያስለቅሳል። ብዙዎች ይህን በላክቲክ አሲድ ያሳብባሉ፤ እሱ ግን ከሩጫ በኋላ ብዙ ሳይቆይ ከደም ይጠራል። ደግነቱ ጡንቻ ይማራል፤ ያው ቁልቁለት ሁለተኛ ጊዜ ሲወረድ ሕመሙ ይቀላል። ገበያ ሸክም ይዞ የሚወጣና የሚወርድ የአካባቢው ገበሬ ጭኑ የማይንቀጠቀጠው ለዚህ ነው።

አዲስ ሯጭ አጭር ቁልቁለት፣ አፈር መንገድ ላይ ይጀምር፤ ውድድር በቀረበበት ሳምንት ግን ጨርሶ አይሞክረው።