መድኃኒቶቹ የሚገናኙት ቤት ውስጥ ነው

በሚዛን ተፈሪ፣ በቴፒ ወይም በበበቃ አካባቢ የሚኖር፣ የሚጥል በሽታና የአእምሮ ሕመም የተደራረቡበት ሰው አንድ ሐኪም ብቻ አያየውም። ለሚጥል በሽታው ፌኖባርቢታል ከሚቀርበው ጤና ጣቢያ ይወስዳል፤ ለአእምሮ ሕመሙ በሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ሆስፒታል ክትትል ይኖረዋል፤ ሲብስበት ሪፈር ተጽፎለት ጅማ ይሄዳል፤ የነርቭ ስፔሻሊስት ይየው ከተባለ ደግሞ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ ይገባል። ወባ ሲይዘው ጤና ኬላ፣ ወገቡን ሲያመው መንገድ ዳር ያለ መድኃኒት ቤት አለ። እያንዳንዱ ባለሙያ በእርግጠኝነት የሚያውቀው ራሱ ያዘዘውን ነው፤ ካርዱም በየሆስፒታሉ ካርድ ክፍል ይቀራል። መድኃኒቶቹ በሙሉ የሚገናኙት ቤት ውስጥ ነው፤ ሁሉንም የሚያየውም አብዛኛውን ጊዜ ሚስት ወይም ባል ነው። ስለዚህ የትዳር ጓደኛን ክኒን አቀባይ አስታማሚ አድርጎ መመልከት ስህተት ነው እላለሁ። የተሟላ የመድኃኒት ዝርዝር የሚይዝ፣ በየቀጠሮውም የሚጠየቅ የሕክምናው አካል ሊሆን ይገባል።

ነገሩ የሐኪሞች ቸልተኝነት አይደለም። የሥነ አእምሮና የነርቭ ሕክምና የሚያክሙት አንድ አንጎል ቢሆንም በየፊናቸው ያደጉ ሙያዎች ናቸው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ አእምሮ ስፔሻሊስቶች ሥልጠና የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003፣ የነርቭ ሐኪሞች ሥልጠና ደግሞ በ2006 ነው። መድኃኒቶቹ ግን የሙያ ድንበር አያውቁም፤ አብዛኞቹ የሚያልፉት በአንድ ጉበት ነው። ፌኖባርቢታል፣ ፌኒቶይንና ካርባማዜፒን የተባሉት የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች ጉበት ሌሎች መድኃኒቶችን የሚሰባብርባቸውን ኢንዛይሞች አብዝቶ እንዲያመርት ያደርጉታል። ለአእምሮ ሕመም ሃሎፔሪዶል በሚወስድ ሰው ላይ ካርባማዜፒን ሲጨመር በደሙ ውስጥ ያለው ሃሎፔሪዶል በግማሽ ገደማ ሊወርድ ይችላል። አስቸጋሪው ደግሞ ጊዜው ነው፤ ኢንዛይሙ እስኪበዛ ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈጃል። አዲሱ ክኒን በተጀመረበት ሰሞን ደህና የነበረ ሰው በሦስተኛው ሳምንት ድምፅ መስማት ይጀምራል። ቤተሰቡ «ክኒኑን እየዋጠ አይደለም» ብሎ ይጠረጥራል፤ ስለ ካርባማዜፒኑ ያልተነገረው ሐኪም ደግሞ ሃሎፔሪዶሉን ከፍ ያደርጋል።

ከወራት በኋላ ካርባማዜፒን ከገበያ ቢጠፋ ወይም ቆዳው ላይ ሽፍታ ወጥቶበት ቢቋረጥ ነገሩ ይገለበጣል። ኢንዛይሙ ቀስ በቀስ ይቀንሳል፤ ከፍ የተደረገው ሃሎፔሪዶል ደም ውስጥ ይጠራቀማል። እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ክንዱ ይገተራል፣ አረማመዱ ይንቀረፈፋል፣ ለሃጩ ይዝረበረባል። ይህ መልክ ከፓርኪንሰን በሽታ ጋር በቀላሉ ይምታታል። ሃሎፔሪዶሉን ያልሰማ ሐኪም ሌቮዶፓ ቢያዝዝለት፣ መድኃኒቱ የተኛውን የአእምሮ ሕመም ሊቀሰቅስበት ይችላል። ለመንቀጥቀጡ ትራይሄክሲፌኒዲል ቢጨመርለት ደግሞ፣ ቀድሞ ክሎርፕሮማዚን ወይም ለእንቅልፍ አሚትሪፕቲሊን ይወስድ ከነበረ፣ የመድኃኒቶቹ ተመሳሳይ ጉዳት ይደማመራል፦ አፍ ይደርቃል፣ ሆድ ይደርቃል፣ ሽንት አልወርድ ይላል፣ ሐሳብ ይዘባረቃል። በዕድሜ ለገፋ ሰው መዘባረቁ «የመርሳት በሽታ» የሚል አዲስ ስም ሊያመጣበት ይችላል። በዚህ ሁሉ መንገድ ላይ ሞኝ ውሳኔ የወሰነ ሰው የለም። የጎደለው ካርባማዜፒኑ የተጀመረበትና የቆመበት ሁለት ቀን ነው፤ እነሱን ልታውቅ የምትችለው ክኒኑን በየማታው የምታቀርበው ሚስት ነበረች።

በደቡብ ምዕራብ የቡና ምድር ነገሩን የሚያወሳስቡ የራሱ ምክንያቶች አሉ። ቆላው ወባማ ነው። ኮአርተም የሚባለው የወባ መድኃኒት ከካርባማዜፒንና ከፌኒቶይን ጋር ሲወሰድ ደም ውስጥ ያለው መጠን ስለሚወርድ ወባው በደንብ ሳይጠፋ ሊቀር ይችላል፤ ከሃሎፔሪዶል ጋር ሲሆን ደግሞ የልብ ምት ሥርዓት እንዳይዛባ ያሰጋል። ይህ ማለት ወባው አይታከም ማለት አይደለም፤ ያልታከመ ወባ ይገድላል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ወይም የጤና ጣቢያው ባለሙያ አውቀው እንዲከታተሉት ግን መንገር ያስፈልጋል። የኤችአይቪ መድኃኒቱ ዶሉቴግራቪር በቀን አንዴ የሚወሰደው 50 ሚሊግራም፣ ካርባማዜፒን ካለ በቀን ሁለት ጊዜ መሆን አለበት። ለወገብ ሕመም በቀላሉ የሚገዛው ትራማዶል የሚጥል በሽታን ሊቀሰቅስ ይችላል። ታማሚዋ ሚስት ከሆነች ደግሞ ፌኖባርቢታልም ካርባማዜፒንም ክንድ ሥር የሚቀበረውን የወሊድ መከላከያ ያዳክማሉ፤ ሌላው የሚጥል በሽታ መድኃኒት ቫልፕሮዬት በእርግዝና ወቅት ፅንስን ይጎዳል። ቡናውም ቢሆን ከዚህ ውጭ አይደለም። ካፌይን ሊቲየም የተባለው የአእምሮ ሕመም መድኃኒት በሽንት ቶሎ እንዲወጣ ስለሚያደርግ፣ በቀን ብዙ ስኒ የለመደ ሰው በድንገት ቡና ቢተው የሊቲየሙ መጠን ወደ ላይ ይወጣል። ከቡና ቅጠል የሚፈላው ጨሞም ካፌይን አለው።

ታዲያ ዝርዝሩ ምን ይመስላል? የመድኃኒቱ ስም፣ ሚሊግራሙ፣ በቀን ስንት ጊዜ፣ ማን እንዳዘዘው፣ ለምን እንደታዘዘ፣ የተጀመረበት፣ የተለወጠበትና የቆመበት ቀን። ከጎኑ የታየው ለውጥ ከነቀኑ፦ ወደቀ፣ አልተኛም፣ ተገተረ። ቀላል ይመስላል፤ ግን ክኒን ከቆርቆሮ ተቆጥሮ በትንሽ ፖስታ ሲሰጥ ፖስታው ላይ ብዙ ጊዜ የሚቀረው «1×2» ብቻ ነው። እሽጉ በመቀስ ሲቆረጥም ስሙ የተጻፈበት ወገን ለሌላ ሰው ይሄዳል። ስለዚህ የመድኃኒቱን ስም ፖስታው ላይ አስጽፎ መውጣት የአስታማሚው መብት ነው። በአብዛኞቹ ሆስፒታሎቻችን በደም ውስጥ ያለውን የመድኃኒት መጠን መለካት ስለማይቻል፣ እነዚህ ቀኖች የላቦራቶሪውን ቦታ ይሸፍናሉ።

«ይህ የሐኪም ሥራ ነው፤ ለምን በደከመች ሚስት ላይ ይጫናል?» የሚል ይኖራል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ዝርዝሩን መያዝና መተርጎም ግን ይለያያሉ። መተርጎሙ የአንድ ባለሙያ ኃላፊነት መሆን አለበት፤ ለቤቱ የሚቀርበው የአእምሮ ጤና ነርስ ወይም ፋርማሲስት ይበቃል። በጉራጌ አካባቢ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2022 ውጤቱ የታተመ ጥናት፣ ሥልጠና ያገኙ የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች ለከባድ የአእምሮ ሕሙማን የሰጡት ክትትል በአእምሮ ጤና ነርሶች ከሚሰጠው እንዳላነሰ አሳይቷል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2017 ጉዳት አልባ የመድኃኒት አጠቃቀም ዘመቻውን ሲጀምር፣ ብዙ መድኃኒት መውሰድንና ከአንድ ተቋም ወደ ሌላው መዘዋወርን ከዋና ዋናዎቹ የአደጋ ምንጮች መድቧቸዋል። ማንበብ ለማይችል ቤተሰብ ደግሞ ቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ፣ ያለቀውን ባዶ እሽግ ጭምር፣ በአንድ ከረጢት ይዞ መቅረብ ይቻላል፤ ባለሙያው ራሱ ይጽፈዋል።

ይበልጥ የሚከብደኝ ሌላው ተቃውሞ ነው። ትዳር ሁሉ ሰላማዊ አይደለም። መድኃኒት መቆጣጠሪያ ሊሆን ይችላል፤ ታማሚው ለትዳር ጓደኛው ያልነገረው የኤችአይቪ ሕክምናም ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ዝርዝሩ የታማሚው ንብረት ነው፤ ማን እንደሚይዘው ደህና በሆነበት ቀን ራሱ ይወስናል፤ ባለሙያውም ብቻውን የሚያነጋግርበት ጊዜ መመደብ አለበት። «ቤተሰቡ ይህን ካወቀ ፈርቶ መድኃኒት ያስቆማል» ለሚሉትም፣ የሚያስቆመው ባብዛኛው ያልተብራራ ፍርሃት ነው እላለሁ። ፌኖባርቢታልን በድንገት ማቆም፣ ለጸበል ሱባኤም ይሁን ለቡና ለቀማ ወደ እርሻ ለመሄድ፣ ሕይወት የሚቀጥፍ የማያባራ መንፈራገጥ ሊያመጣ እንደሚችል በግልጽ የተነገረው ቤተሰብ ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብሮ ያስኬዳል።

ዝርዝሩ በጣም የሚያስፈልግበት ሰዓት ግን ከቀጠሮ ውጭ ይመጣል። ሃሎፔሪዶልን የመሰለ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ኃይለኛ ትኩሳት ይዞት፣ ሰውነቱ እንደ እንጨት ደርቆ፣ ላብ አጥምቆት ከቀባዠረ፣ መድኃኒቱ ራሱ ያመጣው ብርቅ ግን ገዳይ ችግር ሊሆን ይችላል። በጉራፈርዳ ወይም በቴፒ ቆላ ትኩሳትና መቃዠት ያየ ሁሉ መጀመሪያ የሚያስበው ወባን ነው፤ ማሰቡም ተገቢ ነው፤ የደም ምርመራው ወባ ቢያሳይም እንኳ ግትርነቱ ችላ መባል የለበትም። ቀጠሮ ሳይጠበቅ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል መወሰድ አለበት። ተረኛው ባለሙያ ዝርዝሩን አይቶ የአእምሮ ሕመም መርፌ ወስዶ ከነበረ መቼ እንደተወጋ፣ ክኒኑ መቼ ከፍ እንደተደረገ ካወቀ፣ የሚቀጥለውን የሃሎፔሪዶል መጠን ያስቆማል፣ ፈሳሽ ይሰጣል፣ ወባውንም ለብቻው ያክማል።