ክሪፕቶ ስም ይደብቃል እንጂ ዱካ አይደብቅም

ከዋጋ ወጣ ብለን አንድ ነገር እንይ። «ገዢው በዩኤስዲቲ ልክፈል አለኝ፤ ማንም አያየውም ይባላል፤ እውነት ነው?» ለሚለው ጥያቄ አጭሩ መልስ፦ አይደለም።

🔹 እንዴት ይታያል?
ቢትኮይን እ.ኤ.አ. በ2009 ከጀመረ ወዲህ እያንዳንዱ ዝውውር ለማንም ክፍት በሆነ መዝገብ ላይ ይጻፋል። ዩኤስዲቲም እንደዚያው ነው። መዝገቡ ስም የለውም፤ የዋሌት አድራሻ፣ መጠንና ሰዓት ግን አለው፤ አይሰረዝም። አድራሻው የእናንተ መሆኑ አንዴ ከታወቀ፣ ለምሳሌ መታወቂያ በሚጠይቅ መገበያያ ስትመነዝሩ፣ የበፊቱም የወደፊቱም ዝውውር አብሮ ይገለጣል።

ማስረጃ? እ.ኤ.አ. በ2016 ከቢትፊኔክስ መገበያያ ወደ 120 ሺህ ቢትኮይን ተሰረቀ። ገንዘቡ በሺዎች በሚቆጠሩ ዝውውሮች ተበታተነ። የአሜሪካ መንግሥት ግን ዱካውን ተከትሎ በ2022 ከ94 ሺህ በላይ የሚሆነውን ያዘ።

🔹 ለነጋዴ ምን ማለት ነው?
የነጋዴ ምስጢር ዋጋና ደንበኛ ነው። ለሁሉም ገዢ አንድ አድራሻ ከሰጣችሁ፣ አንዱ ገዢ ሌላው ስንት እንደላከላችሁ ቁጭ ብሎ ያያል። የጫናችሁትን ቶን ካወቀ ደግሞ አካፍሎ ዋጋችሁን ያገኛል። በሚቀጥለው ድርድር ማን እንደሚጨነቅ ገምቱት።

ሌላም አለ። ዩኤስዲቲን የሚያወጣው ቴተር ኩባንያ አድራሻ ማገድ ይችላል፤ ብዙ ጊዜም አግዷል። የደረሳችሁ ገንዘብ ከማጭበርበር ዞሮ የመጣ ከሆነ ጣጣው እናንተ ጋ ይደርሳል።

🔹 ሞኔሮስ?
እ.ኤ.አ. በ2014 የተጀመረው ሞኔሮ ላኪ፣ ተቀባይና መጠን እንዳይታይ ተደርጎ የተሠራ ነው። ባይናንስ ግን በ2024 ከገበያው አውጥቶታል። ተደብቆ የመጣ ገንዘብ ሲመነዘር መከራ ነው።

🔹 እኛ አገርስ?
ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. ክሪፕቶን ለክፍያ መጠቀም ሕገወጥ መሆኑን አስጠንቅቋል። የኤክስፖርት ገንዘብ በባንክ ካልገባ ፈቃዱ አይወራረድም፤ ቀጣዩ ጭነትም ይቸገራል። ዩኒየን ከሆናችሁ ደግሞ ኦዲተር ሲመጣ ለአባል ገበሬው የምታሳዩት የባንክ ወረቀት ያስፈልጋችኋል።

ስለዚህ ገዢው በክሪፕቶ ልክፈል ካለ መልሱ አጭር ይሁን፦ ኤልሲ፣ ሲኤዲ ወይም ቅድሚያ ክፍያ፤ ሁሉም በባንክ።