የጋራ ሕንፃው ይከራይ ወይስ ይቆይ?

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ በጀሞ የጋራ መኖሪያ ቤቶች የምትኖሩ ሁሉ፣ ከብሎኮቹ መካከል ለልብስ ማጠቢያ፣ ለእንጀራ መጋገሪያ፣ ለእርድና ለድግስ የሚሠራውን የጋራ ሕንፃ ታውቁታላችሁ። አንዱ «ለነጋዴ ይከራይና ገንዘቡ ለጥበቃና ለጽዳት ይዋል» ይላል። ሌላዋ ደግሞ «ልቅሶ ቢደርስ የት እንጋግር? የዓውደ ዓመቱንስ በሬ የት እንረድ?» ትላለች። ሁለቱም ሐሳቦች ሚዛን ይደፋሉ።

በአዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የጋራ መጠቀሚያዎችን የሚያስተዳድረው የቤት ባለቤቶች ማኅበር ነው። ስለሆነም ባለቤት የሆናችሁ፣ የሥራ ብዛትን ምክንያት በማድረግ ከስብሰባ አትቅሩ፤ እናንተ በሌላችሁበት የተወሰነውን በኋላ በደረጃው ላይ ቆሞ ማማት ለማንም አይበጅም። ተከራዮችም የማኅበሩ አባላት ባትሆኑም፣ በሕንፃው የምትጠቀሙት እናንተም ናችሁና ሐሳባችሁን ለአከራያችሁ ወይም ለኮሚቴው አስቀድማችሁ አስታውቁ።

በስብሰባውም ላይ የኪራዩ ገቢ ስንት እንደሚሆንና ለምን እንደሚውል ጠይቁ። የማትስማሙበትን ሐሳብ እስከ መጨረሻው አድምጡ፤ ከጉዳዩ አልፎ ሰውን መንካት ነገር ያከርራል። ተቃውሞውም ከውሳኔው ጋር በቃለ ጉባኤ ይስፈር። ዛሬ የተከራከረቻችሁ ጎረቤት፣ ነገ ቡና የምትጠሯት፣ ልጅ የምታስጠብቋት ያችው ናትና።