መጠቅለያው ለማን ነው?

በሱፐርማርኬት የምግብ ማሸጊያ በዝቷል ብሎ የሚሟገት ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በቀላሉ ከሚያሸንፍበት ምሳሌ ነው። ልጣጭ እያለው ላስቲክ የለበሰ ሙዝ፣ በፎም ሳህን ተደርድሮ የታሸገ አራት ፖም ይጠራል፤ አንባቢም ይስማማል፤ ነገሩ እዚያው ያበቃል። ሙግቱ እንዲጸና ከተፈለገ ግን ከሚያስቸግረው ምሳሌ፣ ከኪያር፣ መነሣት ይበጃል። በብዙ የአውሮፓ ሱፐርማርኬቶች ኪያር አንድ በአንድ ስስ ላስቲክ ለብሶ ይሸጣል፤ ላየው ሰው ከዚህ የባሰ ብክነት ያለ አይመስልም። የስዊዘርላንዱ የምርምር ተቋም ኤምፓ ከሱፐርማርኬት ድርጅቱ ከሊድል ስዊዘርላንድ ጋር ሆኖ ከስፔን የሚመጣውን ኪያር አጥንቶ በ2022 ያወጣው ውጤት ግን ሌላ ይላል (የኢትዮጵያ መሆኑ ካልተገለጸ በቀር እዚህ የሚጠቀሱት ዘመናት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ኪያሩ እስኪሸጥ ድረስ በአካባቢ ላይ ከሚያደርሰው ጫና የላስቲኩ ድርሻ 1 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ተበላሽቶ የሚጣል አንድ ኪያር የሚያደርሰው ጉዳት ደግሞ ከ93 የኪያር መጠቅለያዎች ጉዳት ጋር ይስተካከላል። ኪያር አብዛኛው አካሉ ውኃ ነው፤ ረጅም መንገድ ሲጓዝ ውኃው እየተነነ ይጠወልጋል። ላስቲኩ የሚያግደው ይህንን ነው። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተጭኖ ዋሽንግተን የሚገባው እንጀራም ላስቲክ ባይለብስ ኖሮ ገዢው እጅ የሚደርሰው ደርቆ ነበር።

ይህን ጥናት የማሸጊያ አምራቾች ቢወዱት አይገርምም። ነገር ግን ጥናቱ የኪያርን ጉዳይ እንጂ የሁሉንም አትክልትና ፍራፍሬ ጉዳይ አልዘጋም። ዋናው ጥቅሙ ትክክለኛውን ጥያቄ ማስተማሩ ነው፤ ይህ መጠቅለያ እዚህ ዕቃ ላይ ምን ሥራ ይሠራል? ጥያቄው በየተራ ሲቀርብ አብዛኛው የሱፐርማርኬት ላስቲክ ምግቡን እንደማይጠብቅ፣ ይልቁንም የሻጩን ቆጠራና ሒሳብ እንደሚያቃልል ይታያል። ምግብ የሚጠብቀውን እናቆይ፤ ሒሳብ ብቻ የሚያቃልለው ይውጣ። እነዚህን ሁለቱን እየቀላቀሉ መከራከር ነው ለዓመታት ነገሩን ያጓተተው።

ማስረጃው ከብሪታንያ ይገኛል። በዚያ አገር ብክነትን በመቀነስ ላይ የሚሠራው ራፕ የተባለ ድርጅት 18 ወር የፈጀ ጥናት በየካቲት 2022 ይፋ አድርጎ ነበር። የተጠኑት ፖም፣ ሙዝ፣ ብሮኮሊ፣ ኪያርና ድንች ናቸው። በጥቅሉ ሲታይ በፋብሪካ ማሸጊያቸው የተቀመጡት ሳይታሸጉ ከተቀመጡት የተሻለ ዕድሜ አላገኙም፤ ለውጥ ያመጣው ቅዝቃዜ ነው። ከ5 ዲግሪ በታች በሆነ ፍሪጅ የተቀመጠ ፖም የመበላሸት ምልክት ማሳየት የጀመረው ማሸጊያው ላይ የተጻፈው ቀን ካለፈ ከሁለት ወር ተኩል በኋላ ነበር። ራፕ እንዳሰላው እነዚህ 5 ዓይነቶች ሳይታሸጉ ቢሸጡና «ከዚህ ቀን በፊት ቢበሉ ይመረጣል» የሚለው ጽሑፍ ቢነሣላቸው፣ ከቤት የሚጣለው ምግብ በ100,000 ቶን፣ ፕላስቲኩም በ10,300 ቶን ሊቀንስ ይችላል። ምግቡና ፕላስቲኩ አብረው ይቀንሳሉ ማለት ነው። ይህ «ማሸጊያ ከተቀነሰ ምግብ ይባክናል» የሚለውን የተለመደ ማስፈራሪያ ከሥሩ ይነካዋል።

እንዴት ሊሆን ቻለ? ሚስጥሩ ያለው በሁለት ነገር ነው። የመጀመሪያው ብዛቱ ነው። ብቻውን የሚኖር ሰው ለእራቱ ሦስት ድንች ይበቃዋል፤ ከረጢቱ ግን ሁለት ኪሎ ነው። የተረፈው ጨለማ ጥግ ተቀምጦ ያቆጠቁጣል፣ ይጨማደዳል፣ በመጨረሻ ይጣላል። ማሸጊያው ድንቹን አልጠበቀም፤ የማይፈለገውን ድንች ከሚፈለገው ጋር አስሮ ሸጠ እንጂ። ሁለተኛው ቀኑ ነው። ላስቲክ ያለበት ዕቃ ለጽሑፍ ቦታ አለው፤ ቦታ ካለ ደግሞ ቀን ይጻፍበታል። ይህ ቀን የጥራት ግምት ነው፤ እንደ ሥጋ ማሸጊያ የጤና ማስጠንቀቂያ አይደለም። ዳሩ ግን ብዙ ሰው ሁለቱን ለይቶ ስለማያይ ደህናውን ፖም ቀኑ አለፈ ብሎ ይጥለዋል። አያቶቻችን ፖም ባያውቁም ድንችና ቃሪያን በእጃቸው ዳስሰው፣ በአፍንጫቸው አሽትተው ነበር የሚፈርዱት። ከብሪታንያ ሱፐርማርኬቶች አንዱ የሆነው ማርክስ ኤንድ ስፔንሰር በ2022 ከ300 በላይ ከሆኑ አትክልትና ፍራፍሬ ላይ ይህን ቀን ማንሣቱ ነገሩ የማይቻል እንዳልሆነ ያሳያል።

ሱቆቹ የራሳቸው ምክንያት አላቸው፤ ፈጽሞ ከንቱ ነው ማለትም አይገባም። የታሸገ ዕቃ ባርኮድ አለው፤ ሒሳብ ተቀባዩ ፊት አንዴ ጢጥ ብሎ ያልፋል። ያልታሸገው መመዘን አለበት፤ ሰልፉ ይረዝማል። ይሁንና ለዚህ መላ ከተገኘ ቆይቷል። ፍሬ ላይ የምትለጠፈዋ ትንሽ ወረቀት ዓለም አቀፍ መለያ ቁጥር አላት፤ ተራ ሙዝ 4011 ነው፣ ኦርጋኒክ የሚባለው 94011። በብዙ የአውሮፓ አገሮች ገዢው ራሱ እዚያው አትክልት ክፍል ውስጥ መዝኖ ዋጋውን ይለጥፋል። ቀድሞ በልክ መከፋፈልም ቢሆን ላስቲክ አይጠይቅም። የእኛዋ ጉሊት ቸርቻሪ ቲማቲሟን በመደብ በመደብ ከፍላ ትደረድራለች፤ የመደቡ ዋጋ የታወቀ ነው፣ ሚዛን እንኳ አያሻም፤ ግማሽ መደብ የሚጠይቅም፣ «መርቂልኝ» የሚልም አያጣትም። ከሁሉ የሚያስገርመው የኦርጋኒኩ ነገር ነው። ለአካባቢ ሲባል ያለ ሰው ሠራሽ ኬሚካል የበቀለው ካሮት፣ ከተራው ካሮት ጋር እንዳይደባለቅ ተብሎ ብዙ ጊዜ ላስቲክ የሚለብሰው እሱ ነው።

«ላስቲኩ ዳግም ይመረትበታል፤ ምን ያስጨንቃል?» የሚል መልስም አለ። የአሜሪካ ተመራማሪዎች በ2017 ባወጡት ታዋቂ ስሌት መሠረት እስከ 2015 ድረስ በዓለም ላይ ቆሻሻ ከሆነው ፕላስቲክ ዳግም የተመረተበት 9 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ስስ ላስቲክ ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው፤ ይቀደዳል፣ ይቆሽሻል፣ በመለያው ማሽን ላይ ይጠመጠማል። በእንግሊዝ እንኳ ከየቤቱ ስስ ላስቲክ መሰብሰብ ለአካባቢ አስተዳደሮች ግዴታ የሚሆነው ከመጋቢት 2027 መጨረሻ ጀምሮ ነው። ላስቲኩን በካርቶን መተካትም እፎይ የሚያሰኝ አይደለም። የእንግሊዝ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በ2011 ያወጣው ጥናት የወረቀት ከረጢት በአየር ንብረት ረገድ ከስሱ ፌስታል እንዲሻል ቢያንስ 3 ጊዜ፣ የጥጡ ቦርሳ ደግሞ 131 ጊዜ ማገልገል እንዳለበት አስልቷል። በ2022 በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ በአንድ ነዋሪ የደረሰው የማሸጊያ ቆሻሻ 186 ኪሎ ገደማ ነበር፤ የዚህም ትልቁ ክፍል ወረቀትና ካርቶን እንጂ ፕላስቲክ አይደለም። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ማሸጊያው ከምን እንደተሠራ ብቻ ሳይሆን መኖር እንዳለበትም ጭምር ነው።

ይህን ለገዢው ኅሊና መተው አይበቃም። መደርደሪያው ላይ ያለው ፖም ሁሉ የታሸገ ከሆነ ኅሊና የሚመርጠው ነገር የለውም። በብሪታንያ ሱቆች ያልታሸገው በኪሎ ሲሰላ ከታሸገው የሚወደድበት ጊዜ ብዙ ነው፤ «ድሃው ይጎዳል» የሚለው ተቃውሞ የሚነሣውም ከዚህ ነው። ነገር ግን ያን ዋጋ የተመነው ራሱ ሱቁ ነው። ያልታሸገውን አስወድዶ ሲያበቃ ገበያተኛው የታሸገውን ወደደ ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። ስለዚህም ፈረንሳይ በሕግ ሞከረችው። በየካቲት 2020 የወጣው የብክነት መከላከያ ሕግ ከ1.5 ኪሎ በታች የሆነ ትኩስ አትክልትና ፍራፍሬ በፕላስቲክ ታሽጎ እንዳይሸጥ ደነገገ። ክልከላው 30 በሚያህሉ ዓይነቶች ላይ ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። መንግሥት በጊዜው እንደገለጸው ከሚሸጠው አትክልትና ፍራፍሬ 37 በመቶው የታሸገ ነበር፤ ርምጃውም በዓመት ከአንድ ቢሊዮን በላይ የፕላስቲክ ማሸጊያ ያስቀራል ተብሎ ተገመተ። በዝርዝሩ ውስጥ ፖም፣ ድንች፣ ሽንኩርት፣ እንዲሁም ያ አስቸጋሪው ኪያር ነበሩ። የማሸጊያ ኢንዱስትሪው ማኅበራት ከሰሱ፤ የአገሪቱ ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤትም በታኅሣሥ 2022 የሕጉን ማስፈጸሚያ መመሪያ ሻረው። ሕጉ ከክልከላው ነጻ ያወጣው ባይታሸግ የመበላሸት አደጋ ያለበትን ብቻ ሆኖ ሳለ፣ መንግሥት ከዚህ ውጪ ለሆኑትም የእፎይታ ጊዜ ሰጥቶ ተገኘ። በ2023 ሌላ መመሪያ ወጣ፤ እንደ እንጆሪ ያሉት ለስላሶች ነጻ ወጡ፣ ጠንካሮቹ ግን ይህም መመሪያ በ2024 እስኪሻር ድረስ በክልከላው ሥር ቆዩ። ሕግ አውጪዎቹ ያን የኪያር ጥያቄ ለእያንዳንዱ ፍሬ መመለስ ነበረባቸው ማለት ነው።

የአውሮፓ ኅብረትም በዚሁ መንገድ ገብቶበታል። በየካቲት 2025 የጸናው አዲሱ የማሸጊያ ደንብ ከጥር 2030 ጀምሮ ያልተቀነባበረ ትኩስ አትክልትና ፍራፍሬን ከ1.5 ኪሎ በታች በሆነ ተጣይ ፕላስቲክ ማሸግን ይከለክላል። ውኃ እንዳይተን፣ እንዳይላጋ፣ በተሕዋስያን እንዳይበከል መጠቅለል የግድ መሆኑ ከተረጋገጠ ግን ይፈቀዳል። ኦርጋኒኩን ከሌላው መለያ ሌላ አቅም የሚፈቅደው መንገድ ከጠፋም እንዲሁ። ይህኛው ቀዳዳ ለእኔ አይዋጥልኝም፤ ለመለየት ክርም፣ ትንሽ መለጠፊያም ይበቃል። ስለ ንጽሕና የሚነሣው ስጋት ግን ብዙ አያከራክርም፤ የታሸገውም ፖም ከዛፍ እስከ ሳህን በስንት እጅ አልፏል፣ ሁለቱም ከመበላታቸው በፊት ይታጠባሉ።

ኢትዮጵያ ውስጥ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ማሸጊያ የሚያስፈልገው መንገድ ላይ ነው፤ ከመቂና ከባቱ የሚመጣው ቲማቲም በእንጨት ሳጥን ታጭቆ፣ የታቹ በላዩ ክብደት ተጨፍልቆ አዲስ አበባ ይገባል። የአውሮፓ ሱፐርማርኬቶች ለጉዞ የሚጠቀሙባቸው ታጥበው የሚመለሱ ጠንካራ የፕላስቲክ ሣጥኖች ይህን ጉዳት የሚያስቀሩ ናቸው፤ ፕላስቲክ ቢሆኑም ደጋግመው ያገለግላሉ። ከእነሱ የቀዳነው ግን ሣጥኑን ሳይሆን መደርደሪያ ላይ የሚታየውን ላስቲክ ነው። በአንዳንድ የከተማችን ሱፐርማርኬቶች በፎም ሳህን የተጠቀለለ ቃሪያና ካሮት የሥልጣኔ ምልክት ሆኖ ተደርድሯል። ሕጋችን ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ከ0.03 ሚሊ ሜትር የሳሳውን ፌስታል ሲቃወም ቆይቶ፣ በ2017 ዓ.ም. በጸደቀው አዋጅ ተጣዩን ፌስታል በጠቅላላው አግዷል። ዕገዳው በስሙ የጠራው ፌስታሉን ነው። ጉሊቷ ሴት ለሁለት መደብ ቲማቲም መያዣ ትፈልጋለች፤ ከእሷ ፈንጠር ብሎ ባለው ሱፐርማርኬት፣ ገዢው ምንም ሳይጠይቅ ቃሪያው ቀድሞ ተጠቅልሎ ይጠብቀዋል።