ብሩ ሳይቀልጥ ሴራሚኩን ማቃጠል

የመኪና ጂፒኤስ ከፍታችሁ ካያችሁ ፊቱ ላይ ስስ ብረት የተለበጠበት አራት ማዕዘን ሸክላ ታገኛላችሁ፤ ብዙ ጊዜ 25 ሚሊ ሜትር በ25 ሚሊ ሜትር ነው። አንቴናው እሱ ነው። የጂፒኤስ ሞገድ (1.575 ጊጋኸርዝ) አየር ላይ ርዝመቱ 19 ሳንቲ ሜትር ነው፤ እንዲህ ያለው አንቴና ደግሞ የሞገዱን ግማሽ፣ 9.5 ሳንቲ ሜትር ይፈልጋል። ታዲያ እንዴት ይህን ያህል አነሰ? ሞገድ ሴራሚክ ውስጥ ሲገባ ይዘገያል፣ ርዝመቱም ያጥራል። የሚያጥረው በዳይኤሌክትሪክ ኮንስታንቱ ስኩዌር ሩት ልክ ነው። ኮንስታንቱ 20 ከሆነ 9.5ን ለ4.5 አካፍሉት፤ 2.1 ሳንቲ ሜትር ይመጣል።

“እንግዲያው ኮንስታንቱ 100 የሆነውን ለምን አንጠቀምም?” ትሉ ይሆናል። አለ፤ ለነጭ ቀለም የሚውለው የቲታኒየም ኦክሳይድ ዱቄት ነው። ችግሩ እዚህ ሮዝቪል ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። በጥር ሌሊት ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ይወርዳል፣ በሐምሌ ከዜሮ በላይ 30 ይደርሳል። ቲታኒየም ኦክሳይድ በአንድ ዲግሪ ለውጥ ፍሪኩዌንሲውን በሚሊዮን 450 ያህል ያዛባል። በ60 ዲግሪ 2.7 በመቶ ነው። ምሰሶ ላይ የተሰቀለ የ2 ጊጋኸርዝ ፊልተር 54 ሜጋኸርዝ ሸሸ ማለት ሌላ ሰው ቻናል ውስጥ ገባ ማለት ነው። ስለዚህ በሙቀት ወደ ተቃራኒ አቅጣጫ የሚሄዱ ሁለት ነገሮች ይደባለቃሉ፤ ማግኒዚየም ታይታኔት 95፣ ካልሲየም ታይታኔት 5 እጅ ገደማ፤ መዛባቱ ዜሮ አጠገብ ይመጣል።

ዋናው ጣጣ እሳቱ ነው። የሴራሚክ ዱቄት ሳይቀልጥ ቅንጣቱ እርስ በርስ ተጣብቆ ድንጋይ እስኪሆን መሞቅ አለበት፤ ይህ ሲንተሪንግ ይባላል። ንጹሕ አልሙና 1600 ዲግሪ አካባቢ ይፈልጋል። ዛሬ ግን መስመሮቹ በስስ የሴራሚክ ንብርብሮች መካከል ታትመው አብረው ይቃጠላሉ፤ መስመሩ የሚሠራበት ብር ደግሞ (የኪሱ ብር አይደለም) በ962 ዲግሪ ይቀልጣል። ቱንግስተን እሳቱን ይችላል፣ ነገር ግን ኤሌክትሪክ በማስተላለፍ ከብር በጣም ያንሳል። ስለዚህ እሳቱ ከ900 አካባቢ እንዳያልፍ ያስፈልጋል።

የአገራችን ሸክላ ሠሪዎች ጀበናና ምጣድን ያለ ምድጃ፣ ሜዳ ላይ በእንጨትና በኩበት ያቃጥላሉ። ይህ እሳት 1600 አጠገብ አይደርስም፤ ሸክላው ግን ይጠነክራል። ጭቃው ውስጥ ብረትና ፖታሲየምን የመሰሉ ባዕድ ነገሮች ስላሉ መጣበቁን ያግዙታል። የፋብሪካው ዱቄት ይህን ያጣው ንጹሕ በመሆኑ ነው፤ ስለዚህ ባዕዱን ነገር እያወቁ፣ እየመዘኑ ይጨምሩበታል። ቦሮን ኦክሳይድ በ450፣ ቫናዲየም ኦክሳይድ በ690፣ ቢስመዝ ኦክሳይድ በ817 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣሉ። የቀለጠው ፈሳሽ በቅንጣቶቹ መካከል ሰርጎ ያቀራርባቸዋል።

ዋጋ ግን አለው። ከቀዘቀዘ በኋላ የሚቀረው ብርጭቆ መሳይ ነገር ሞገዱን ይበላል፣ የፊልተሩም ጥራት ይወርዳል። መዛባቱም እንደገና ይለወጣልና ልኬቱ ከመጀመሪያው ይሠራል። የባሰም አለ፦ ቢስመዝ ናዮቤት በ900 ዲግሪ ገደማ ጥሩ ይጠነክራል፣ ግን ያንኑ ልናድነው የለፋንለትን ብር ይበላዋል።

ሊቲየም ሞሊብዴት 540 ዲግሪ ብቻ ይበቃዋል። በ2014 የፊንላንድ ኡሉ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህንኑ ዱቄት በጥቂት ውኃ አርሰው፣ በፕሬስ ጨምቀው፣ በ120 ዲግሪ አድርቀው ብቻ ሴራሚክ አደረጉት። ውኃው የሠራው ዱቄቱ ውኃ ውስጥ ስለሚሟሟ ነው፤ በዚሁ ምክንያት እርጥበት እንዳይነካው መሸፈኛ ያስፈልገዋል።