ዕረፍት የማያሽረው የወገብ ሕመም

በደባርቅና በዳባት ወጣት ገበሬ ወገቡን ሲያመው ብርድ፣ ሸክም ወይም ቲቢ ነው ይባላል። በስሜን ተራሮች ግርጌ፣ በዚያ ደጋ፣ ሦስቱም ያለ ምክንያት አይጠረጠሩም። የዛሬው ጉዳያችን ግን የሚዘነጋው አራተኛው ነው፦ አንኪሎዚንግ ስፖንዲላይትስ የተሰኘው የአከርካሪ መገጣጠሚያዎች ብግነት።

የሸክም ሕመም ዐረፍ ሲሉ ይቀላል። ይህኛው በዕረፍት ይብሳል፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ከእንቅልፍ ይቀሰቅሳል፤ ጠዋት ወገብ ከግማሽ ሰዓት በላይ ተሳስሮ ይቆያል፤ ሲንቀሳቀሱ ግን ይፍታታል። አብዛኛውን ጊዜ ከ45 ዓመት ዕድሜ በፊት ቀስ ብሎ ይጀምርና ከ3 ወር በላይ ይዘልቃል። እንግዲህ «ተኛ፣ አትንቀሳቀስ» የሚለው የዘመድ ምክር፣ በቅንነት ቢሰጥም፣ ይጎዳዋል። አከርካሪው ከደረቀ በኋላ ወጌሻ በኃይል ቢያሸው ደግሞ ሊሰበር ይችላል።

ከቲቢ መለየቱ ይበልጥ ያስጨንቃል። የአከርካሪ ቲቢ አጎራባች አጥንቶችን በልቶ ጀርባን በአንድ ቦታ ሊያጎብጥ፣ ትኩሳትና ክሳትም ሊያመጣ ይችላል። ብግነቱ በአብዛኛው ከዳሌ መገጣጠሚያ ይነሣል፤ በራጅ እስኪታይ ዓመታት ሊወስድ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1973 ከበሽታው ጋር ያለው ዝምድና የታወቀው ኤችኤልኤ-ቢ27 ከሰሃራ በታች ባሉ ብዙ ሕዝቦች ዘንድ ብርቅ በመሆኑ፣ በምርመራ አለመገኘቱ በሽታው የለም አያሰኝም። ብግነቱ ቲቢ ከተባለ ታማሚው ለወራት የማይጠቅመውን መድኃኒት ይውጣል፤ ቲኤንኤፍን የሚገቱት አዳዲስ መድኃኒቶችም ያንቀላፋ ቲቢን ሊቀሰቅሱ ስለሚችሉ ከመጀመራቸው በፊት የቲቢ ምርመራ ግዴታ ነው።

ኑሮው ዕለታዊ ማፍታቻን፣ ዝቅ ያለ ትራስን፣ ለጨጓራና ለኩላሊት እየተጠነቀቁ እንደ ኢንዶሜታሲን ያለ ማስታገሻን ይጠይቃል። ዓይን ቀልቶ ካመመና ብርሃን ካስፈራው ግን በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መድረስ ይገባል።